ወንዱ የሚገዝፈው መቼ ነው?

በሰሜን ተራሮች ወይም በመንዝ ጓሳ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ሲያዘግም ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ወንዱ ላይ ነው። ከትከሻው የሚወርደው ጎፈር ነፋስ በነካው ቁጥር ይነሣል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቆዳ ቀይ ነው፤ በተለይ ቤተሰብ የያዘ አባወራ ከሆነ ቅላቱ ይደምቃል። ሲቆጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ረጃጅም ክራንቻዎቹን ያሳያል። ሴቷ አጠገቡ ስትቀመጥ ልጁ ትመስላለች። የጎለመሰ ወንድ ጭላዳ 18 ኪሎ ተኩል ገደማ ሲመዝን ሴቷ 11 ኪሎ አካባቢ ናት። ጎፈር የላትም፤ ክራንቻዋም አጭር ነው።

ይህን አይቶ “ወንድ መቼም በተፈጥሮው ግዙፍ ነው” ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቤታችን ያሉት ኮርማና ላም፣ አውራ ዶሮና ዶሮም ይህንኑ የሚመሰክሩ ይመስላሉ። ነገር ግን በምድር ላይ ኖረው ከሚታወቁ እንስሳት ሁሉ ከባዱ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ነው፤ በዚህ ዝርያ ውስጥ ደግሞ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ክብረ ወሰኑ የሴት ነው ማለት ነው። ወደ ሸረሪት፣ ወደ ነፍሳት፣ ወደ ዓሣና እንቁራሪት ስንወርድማ የሴቷ መብለጥ የዘወትር ነገር ይሆናል። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን በዚህ ወይም በዚያ ዝርያ ኑሮ ውስጥ ትልቅ አካል ለማን ይጠቅማል፣ ዋጋውንስ ማን ይችለዋል የሚለውን ነው። ትልቅ አካል በነፃ አይገኝም። ብዙ መብላት ይፈልጋል፣ ለማደግ ዓመታት ይወስዳል፣ ድርቅ ሲመጣም ቀድሞ ይራባል።

ከጭላዳው ሳንርቅ እንየው። የጭላዳ ኑሮ መሠረቱ አንድ አባወራ፣ ከጥቂት እስከ ዐሥር ገደማ የሚደርሱ ሴቶችና ልጆቻቸው ያሉበት ቤተሰብ ነው። በመቶዎች ሆነው የሚታዩት እንዲህ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች አብረው ስለሚሰማሩ ነው። ከመንጋው ዳር ዳር ደግሞ ሴት ያላገኙ ጎረምሶች በቡድን ይዞራሉ። አንዱ አባወራ የደከመ ሲመስላቸው ይተነኩሱታል፣ ያሯሩጡታል፣ ፋታ ይነሡታል። ያሸነፈው ጎረምሳ ቤተሰቡን ይረከባል። የአንድ አባወራ ዘመን ጥቂት ዓመት ነው፤ ወንዱ በዕድሜው ሙሉ ዘር የሚያፈራው በዋናነት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ቤተሰብ ሳይዝ የቀረው ያለ ልጅ ሊሞት ይችላል። ሴቷ ግን አባወራው ማንም ይሁን ማን ትወልዳለች።

ግዝፈቱ የመጣው ከዚህ ነው። ለወንዱ አንድ ተጨማሪ ኪሎ ሥጋ፣ አንድ ተጨማሪ ጣት ክራንቻ ሁሉን የማግኘትና ሁሉን የማጣት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለሴቷ ያው ኪሎ ለጽንስና ለጡት ወተት የሚውል ሣር ማባከን ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ ያብራራው ይህንኑ ነው፦ ወንዶች በሴት ምክንያት የሚፋለሙበት ዝርያ ውስጥ ለፍልሚያ የሚረዳ ነገር ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይጎላል። ቀንድም፣ ክራንቻም፣ ደንዳና አንገትም እንዲያ ነው። የዋልያን ወንድና ሴት ጎን ለጎን ያየ ሰው ወንዱ የሚሸከመው ያ ወደ ኋላ የታጠፈ ግዙፍ ቀንድ ለነብር መከላከያ ቢሆን ኖሮ ሴቷም እኩል ባስፈለጋት ነበር ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ግን ስለ ጭላዳ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ እኔ በበኩሌ ከጎፈሩ ይልቅ እሱን መመልከት ያስተምራል እላለሁ። የአንድ ቤተሰብ ሴቶች እናትና ልጅ፣ እኅትማማች፣ አክስትና የእኅት ልጅ ናቸው። በተወለዱበት ቤተሰብ ያረጃሉ። መጤው ወንዱ ነው። ገላው የቱንም ያህል ቢገዝፍ ሴቶቹ ተባብረው ሲጮኹበት ሲያፈገፍግ ይታያል፤ በፍልሚያ ጊዜም ሴቶቹ ወዴት እንዳዘነበሉ ለውጤቱ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል የወንዱ ጉልበት ሴቷ ላይ የሚያስከፍለው መራራ ነው። አዲስ የገባ አባወራ የቀደመውን አባወራ ግልገሎች ሊገድል ይችላል። ከሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2012 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ አዲስ ወንድ ሲመጣ ጽንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳየ። ግልገሉ ተወልዶ ከሚገደል ቀድሞ መቋረጡ ለእናቲቱ ጊዜና ጉልበት ያተርፍላታል የሚል ነው ማብራሪያው።

ታዲያ ወንዱ በምን ዘዴ ይገዝፋል? ሁለቱም ሲወለዱ ያን ያህል አይለያዩም። በብዙ የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ሴቷ መውለድ ስትጀምር እድገቷ ይቆማል፤ ወንዱ ግን ለተጨማሪ ዓመታት ማደጉን ይቀጥላል። በሬ የሚያረባ ገበሬ ስለዚህ ጉዳይ ከመጽሐፍ በፊት የሚያውቀው አለ። ኮርማ አንገቱና ትከሻው ደንዳና፣ ግንባሩ ሰፊ ነው። ገና ወይፈን ሳለ የተኮላሸው ግን አንገቱ ቀጠን፣ እግሩ ረዘም ይላል። የወንዴው ፍሬ የሚያመነጨው ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ጡንቻን ያፋፋል፤ በተለይ የአንገትንና የትከሻን። የዚሁ ሆርሞን ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን ይለወጥና በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለውን የእድገት ክፍል ይዘጋዋል፤ እሱ ከተዘጋ ቁመት አለቀ። ፍሬው ቀድሞ የጠፋበት ወይፈን ይህ መዝጊያ ስለሚዘገይበት አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ግን አይደነድንም። እርሻ ላይ ከዋለ በኋላ ዘግይቶ የተኮላሸ በሬ ደግሞ የኮርማ አንገቱን እንደያዘ ይቀራል። ቁመትና ጉልበት የተለያየ መንገድ እንዳላቸው ይህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ወደ ጉልበት በኋላ እንመለሳለን።

የወንድ ግዝፈት ጫፍ የደረሰው በደቡባዊው የባሕር ዝሆን ላይ ነው። ስሙን ያገኘው ወንዱ ኩምቢ የመሰለ አፍንጫ ስላለው ነው እንጂ ከዝሆን ጋር ዝምድና የለውም። ሴቷ ከ400 እስከ 900 ኪሎ ስትመዝን ትልልቆቹ ወንዶች 3,000 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። በመራቢያ ወቅት ሴቶቹ ባሕር ዳር አንድ ቦታ ተከማችተው ይወልዳሉ። ስለተከማቹ አንድ ወንድ በደርዘን የሚቆጠሩትን ሊከልል ይችላል። ያንን ቦታ ጥሎ ምግብ ፍለጋ ባሕር ከገባ ሌላው ይወርሰዋል፤ ስለዚህ ወቅቱ እስኪያልፍ ለሳምንታት እህል ውሃ ሳይል በስቡ ይኖራል። እዚህ ትልቅ አካል ሁለት ሥራ አለው፦ መፋለሚያም ነው፣ ስንቅም ነው። በጥቂት ወንዶች ዙሪያ ብዙ ሴቶች ሲሰበሰቡ የተቀሩት ወንዶች፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ አንድም ልጅ ሳያገኙ ይሞታሉ።

እንዲህ ያሉ አስደናቂ እንስሳት ናቸው መጻሕፍትንና ፊልሞችን የሞሉት። አንበሳ፣ ጎሪላ፣ የባሕር ዝሆን። ከነሱ ተነሥቶ “በአጥቢ እንስሳት ወንዱ ይበልጣል” የሚለው አባባል ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ኖረ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ካትሪን ራልስ እ.ኤ.አ. በ1976 ሴቷ የምትበልጥባቸው አጥቢዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ መሆናቸውን ዘርዝረው ጽፈው ነበር፤ ብዙ ሰሚ ግን አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2024 ካያ ቶምባክና ባልደረቦቻቸው የ429 አጥቢ ዝርያዎችን የወንድና የሴት ክብደት መረጃ ሰብስበው አነጻጸሩ። ወንዱ የሚከብድባቸው 45 በመቶ ሆኑ። በ39 በመቶው ልዩነት የለም፣ በ16 በመቶው ሴቷ ትከብዳለች። ወንዱ የሚበልጥባቸው ከግማሽ አይሞሉም ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙም አያስገርምም። ከአጥቢ ዝርያዎች አብዛኞቹ አይጥና የሌሊት ወፍ ናቸው፤ እነሱን የሚቀርጽ የፊልም ባለሙያ ደግሞ ጥቂት ነው።

የሌሊት ወፏን ጉዳይ አስቡት። ግልገሏ ሲወለድ የእናቱን ክብደት ሩብ ሊያህል ይችላል። እሷ ያንን በሆዷ ይዛ መብረር፣ በየሌሊቱም ነፍሳት ማደን አለባት። ሰፋ ያለ ክንፍና ጠንከር ያለ ገላ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል፦ እናቲቱ ምግብ በሌለበት ሞቃት ባሕር ወልዳ፣ በቀን እስከ 90 ኪሎ ለሚጨምር ግልገል ወተት የምታወጣው ቀደም ብላ ካጠራቀመችው ስብ ነው። ዓሣና ሸረሪት ዘንድ ሒሳቡ ይቀላል። ብዙ እንቁላል ብዙ ሆድ ይፈልጋል።

ሴቷን የሚያገዝፈው እንዲህ ሲሆን፣ ወንዱን እስከ መጨረሻው የሚያሳንሰው ምን እንደሆነ የጥልቅ ባሕሩ አጥማጅ ዓሣ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1922 የአይስላንዱ ሳይንቲስት ብያርኒ ሴሙንድሶን አንዲት ትልቅ ሴት ዓሣ ሆዷ ላይ ሁለት ትንንሽ ዓሣዎች ተጣብቀው አገኘ። ልጆቿ መሰሉት። እንዴት ሊጣበቁ እንደቻሉ ግን አልገባውም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቴት ሬጋን ሌላ ተመሳሳይ ዓሣ ቆርጦ መረመረና የተጣበቀው ልጅ ሳይሆን ባል መሆኑን ደረሰበት። ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ተቃራኒ ፆታ ማግኘት ብርቅ ነው። ስለዚህ ወንዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ሆኖ፣ ሴት የማሽተትና የመዋኘት ችሎታ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ አንዴ ካገኛት ይነክሳትና አይለቅም። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ቆዳው ከቆዳዋ፣ የደም ሥሩ ከደም ሥሯ ይዋሃዳል። ከዚያ በኋላ የሚመግበው የእሷ ደም ነው። የሚፋለመው ወንድ ስለሌለ ግዝፈት ለእሱ ምንም አያደርግለትም።

ከዚያ ሩቅ ባሕር ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ሐዋሳ ሐይቅ ነው። ውሃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ እጅግ በረዘሙ ጣቶቿ የምትራመድ፣ ሆዷ ቀላ ያለ ቡኒ፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ጋሻ ያላት ወፍ አለች፤ ጃካና ትባላለች። ሴቷ ከወንዱ ጎላ ብላ ትበልጣለች። የሐይቁን ዳር ተከፋፍለው ድንበር የሚጠብቁት፣ ከመሰሎቻቸው ጋር የሚጣሉትም ሴቶቹ ናቸው፤ አንዷ ክልል ውስጥ ከአንድ በላይ ወንድ ሊኖር ይችላል። ለእያንዳንዱ እንቁላል ትጥልለትና ትሄዳለች። የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ጫጩቶቹን አደጋ ሲመጣ በክንፎቹ ሥር ሰብስቦ ይሸከማቸዋል፤ ያን ጊዜ የነሱ ረጃጅም እግሮች ከጎኑ ተንጠልጥለው ሲታዩ ብዙ እግር ያለው ወፍ ያስመስሉታል። የዳርዊን ሐሳብ እዚህ አልፈረሰም። ማን ለማን እንደሚፋለም ነው የተገለበጠው። ልጅ የማሳደጉን ሸክም የያዘው ወገን ተፈላጊ ይሆናል፤ ሌላው ወገን ይሻማበታል፣ የሚሻማው ደግሞ ይገዝፋል።

እዚያው ሐዋሳ ዓሣ ገበያ የሚሸጠው ቆሮሶ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደናል። ዓሣ ነውና ሴቷ ትበልጣለች ብለን ብንጠብቅ ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል፣ ይበልጣልም። ሴቷ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። ተፈልፍለው እስኪጠነክሩ ድረስ አፏ ውስጥ ስለምትይዛቸው በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ እንደገና ትጥላለች፣ እንደገና ትጾማለች። ዓሣ አርቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ኩሬያቸው ውስጥ ወንድ ወንዱን ብቻ ለማሳደግ ይሞክራሉ። ወይ አንድ በአንድ እያዩ ይመርጣሉ፣ ወይ ጫጩቶቹን ሆርሞን በተቀላቀለበት መኖ ያሳድጋሉ።

ጉልበት ላይ ስንመጣ ጅብን የሚያህል አስተማሪ የለም። በሐረር በሮች ማታ ማታ ጅብ ሲበላ የሚያይ ጎብኚ የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች በዓይኑ ለመለየት ይቸገራል፤ የሴቷ ብልት ውጫዊ ቅርጽ የወንዱን ስለሚመስል ነው። ሴቷ በክብደት ወንዱን የምትበልጠው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ጭላዳው ሴቷን ከሚበልጥበት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በመንጋው ውስጥ ግን የበላይነቱ የሴቶቹ ነው፤ ሬሳ ላይ ቀድመው የሚበሉት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው። ለብዙ ዘመን ይህ በግዝፈታቸው ወይም በቁጣቸው ይመስል ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጅቦችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ማብራሪያ የተለየ ነው። ሁለት ጅቦች ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ ይበልጥ የሚተነብየው የማን ዘመድ በአቅራቢያው እንዳለ ነው። ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ስለምትቀር እናቷ፣ እኅቶቿ፣ አክስቶቿ ዙሪያዋን ናቸው። አብዛኛው ወንድ ሲጎለምስ ለቆ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ወገን የሌለው እንግዳ ነው፣ ከሁሉም በታች ይጀምራል። ጡንቻው የትም አልሄደም፤ የሚደግፈው ነው የጠፋው።

የሰው ልጅስ? ወንዱ ከሴቷ በአማካይ በቁመት 7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በእጅና በትከሻ ጉልበት ልዩነቱ ከክብደቱ ልዩነት በጣም ይሰፋል። በክራንቻ ግን ወንድና ሴት እምብዛም አንለያይም፤ በዝንጀሮ ዓይን ሲታይ ይህ ያልተለመደ ነው። መቼ እንዲህ እንደሆንን ለማወቅ የሚቆፈረው አፋር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው። በዓመቱ እዚያው ሐዳር አንድ ቦታ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት ተገኘ፤ አንዳንዶቹ ከእሷ እጅግ ይገዝፋሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሁለት ዝርያ ነው ያለው አሉ። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት ደግሞ አንድ ዝርያ ነው፣ ትልልቆቹ ወንድ፣ ትንንሾቹ ሴት ናቸው ብለው ተከራከሩ፤ በብዛት ተቀባይነት ያገኘው ይኸኛው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 በወራንሶ ሚሌ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የመሩት ቡድን ያገኘውና ካዳኑሙ የተባለው አጽም ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ነው። ከነሱ በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በምትቀድመው፣ አርዲ በተባለችው ቅሪተ አካል ዝርያ ዘንድ ግን የወንድና የሴት ክራንቻ ቀድሞውኑ ተቀራርቧል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ቋጠሮ አለ። ድንቅነሽ ሴት ናት የሚባለው በዋናነት ትንሽ ስለሆነች ነው። ትንሹን ሁሉ ሴት፣ ትልቁን ሁሉ ወንድ ብለን ከመደብን በኋላ “ወንዱ በጣም ይበልጥ ነበር” ማለት ያስቀመጥነውን መልሶ ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ስሌት ልዩነቱ ከዛሬው ሰው ብዙም የራቀ አልነበረም ሲል ሌሎች ወደ ጎሪላ ይጠጋ ነበር ብለው ተቃወሙት። ከዚህ ቋጠሮ የሚያወጣ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 በደቡብ አፍሪካ ቅሪቶች ላይ ተሞክሯል። ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ካላቸው፣ ፓራንትሮፐስ ከተባለው የጠፋ የሰው ዘመድ ጥርሶች ገለፈት ፕሮቲን ወጥቶ ሲመረመር ፆታን መለየት ተቻለ፤ በመጠኑ ማነስ ሴት ሳትሆን አትቀርም የተባለው አንዱ ግለሰብ ወንድ ሆኖ ተገኘ። የሐዳር ጥርሶች ግን ከእነዚያ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀድማሉ፤ መንገዱ እስከዚያ ይደርስ ይሆን?